ይሄ ቤት የማን ነው?



ከሜክሲኮ ተነስቶ በሳር ቤት በኩል ወደ ጀሞ በሚሄድ ታክሲ የተሳፈረ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይሰማ አይወርድም። መስታወት የለበሰ ሕንፃ ሲታይ፣ አጥሩ ላይ ሽቦ የተጠመጠመበት ቪላ ሲታለፍ አንዱ «ይሄ የማን ነው?» ይላል። መልሱም አይዘገይም። «የእንትና ነዋ! እሱ ደግሞ ገንዘቡን ከየት እንዳመጣው ይታወቃል» ይባላል። ታክሲው ለቡ ሳይደርስ የባለቤቱ ትዳር፣ የልጆቹ ትምህርት ቤትና የመኪናው ዋጋ ተነግሮ ያልቃል። ካርታውን ያየ ሰው ግን በታክሲው ውስጥ የለም።

ከጀመዓችን አባላት ብዙዎቻችን ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የምንመላለስ ነን። ክፍለ ከተማው የከተማችንን ሁለት መልክ አንድ ላይ የያዘ ነው። በአንድ በኩል በሳር ቤትና በአሮጌው አየር ማረፊያ ዙሪያ ዲፕሎማቶች የሚከራዩዋቸው ሰፋፊ ግቢዎችና አዳዲስ አፓርታማዎች አሉ። በሌላ በኩል የጀሞ ኮንዶሚኒየሞች፣ የሳሪስ የኪራይ ክፍሎችና በ2008 ዓ.ም. ክረምት «ያለ ፈቃድ የተሠሩ ናቸው» ተብለው ቤቶች የፈረሱበት ሐና ማርያም አለ። እንዲህ ባለ ቦታ ስለ ቤት ማውራት እንደ ቀልድ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ቤት ያለውም የሌለውም ልቡ እዚያው ላይ ነው።

የሰፈራችን ስም ራሱ ስለ ወሬ የሚያስተምረን ነገር አለው። ሽቦ አልባ የራዲዮ መገናኛ ለሀገራችን አዲስ በነበረበት ዘመን ሕዝቡ «የንፋስ ስልክ» አለው፤ ድምፅን ያለ ሽቦ የሚያመጣ ማለት ነው። ነገር ግን በዚያ መገናኛ መልእክቱን ማን እንደላከውና ለማን እንደተላከ ይታወቅ ነበር። ዛሬ በንፋስ የሚደርሰን የቤትና የሀብት ወሬ ግን ላኪው አይታወቅም፤ ተቀባዩም ተቀብሎ አያቆምም፣ ጨምሮ ያስተላልፋል።

እኛም ያደረግነው

ይህን የምንጽፈው ከሌላው ተሽለን ስለተገኘን አይደለም። አንድ አባት ነበሩ፤ ስማቸውን አንጠቅስም። በረመዳን ለጀመዓችን ኢፍጣር ቴምርና ሳምቡሳ ይዘው ይመጡ ነበር። በሰፈራችን ለመስጂድ ማሠሪያ ገንዘብ ከሚሰበስቡት ሽማግሌዎችም አንዱ ነበሩ። ከመካከላችን አንዱ ላፍቶ አካባቢ እየተሠራ ባለ ትልቅ ቪላ በር ላይ ቆመው ሠራተኞችን ሲያዝዙ አያቸው። ማታ ከዒሻ ሶላት በኋላ «ሐጂ ቤት እየሠሩ ነው» ብሎ ነገረን። የተናገረው ይህን ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ያው ወሬ ከሌላ ዶርም ዞሮ ወደ እኛ ተመለሰ። አሁን ግን «ሐጂ በመስጂዱ ብር ቤት እየሠሩ ነው» ሆኗል። መካከል ላይ ያለችውን ቃል ማን እንደጨመራት እስከ ዛሬ አናውቅም። እኛ ግን «ይህን አላልንም» ብለን አልመለስንም። እንዲያውም «እኔስ ጠርጥሬ ነበር» ያልን አለን።

ሐጂ ወደ መስጂዱ መምጣት አቆሙ። ከገንዘብ ሰብሳቢነቱም ራሳቸውን አገለሉ። ከወራት በኋላ ነው እውነቱን የሰማነው። ቤቱ ውጭ ሀገር የሚኖር የእህታቸው ልጅ ነው፤ እሳቸው በውክልና ያሠሩለት ነበር። እሳቸው ራሳቸው የሚኖሩት ሳሪስ ውስጥ በሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ነው።

ቤት አይቶ ሀብት መገመት ለምን ያሳስታል?

የዲን ትምህርቱን ለጊዜው እናቆየውና በሙያችን በኩል እንየው። አንድ ቤት ከውጭ ሲታይ ስለ ነዋሪው ሀብት የሚናገረው በጣም ጥቂት ነው። ምክንያቶቹም የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ በሀገራችን መሬት የግል አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በከተማ የሚያዘውም በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ሲሆን ለመኖሪያ ቤት ዘመኑ እስከ 99 ዓመት ነው። የሊዙ ክፍያ ደግሞ በብዙ ዓመታት ተከፋፍሎ ሊከፈል ይችላል። ስለዚህ «ባለቤት» የምንለው ሰው ገና ባለ ዕዳ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ በአሮጌው አየር ማረፊያና በሌሎችም ነባር ሰፈሮች የሚገኙ ቪላዎች ሁሉ የነዋሪዎቻቸው አይደሉም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በመንግሥት ሲወረስ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደረገ። ከተወረሱት ቤቶች ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት የኪራይ ቤቶችን ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ሄዱ። ዛሬ እነዚህን የሚያስተዳድረው የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ነው። ቪላው ደጃፍ ላይ መኪና የሚያቆመው ሰው እንደ እኛው ተከራይ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ውክልና ነው። ዓረብ ሀገር፣ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ሰው ቤት የሚያሠራው በአባቱ፣ በወንድሙ ወይም በአጎቱ በኩል ነው። ሲሚንቶ የሚቀበለውና ከግንበኛ ጋር የሚከራከረው ተወካዩ ነው። የሐጂም ነገር ይኸው ነበር።

አራተኛ፣ ቤት በአንድ ሰው ኪስ ብቻ አይሠራም። የባንክ ብድር አለበት፣ ዕቁብ አለበት፣ የወንድማማቾች መዋጮ አለበት። ባንክ በዋስትና የያዘውን ቤት ከመንገድ የሚያይ ሰው ፎቁን እንጂ ዕዳውን አያይም።

አምስተኛው የዋጋው ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። አሳንሰር፣ አሉሚኒየም፣ የመብራትና የመታጠቢያ ዕቃዎች በአብዛኛው ከውጭ ስለሚገቡ የግንባታ ወጪም አብሮ ወጣ። ቤቱን ቀድሞ የገዛ ሰው ምንም ሳይጨምር በወረቀት ላይ ባለ ብዙ ሚሊዮን ሆነ። ቤቱ አላደገም፤ የብሩ አቅም ነው የቀነሰው። ወሬኛው ግን የዛሬውን ዋጋ ይዞ «ይህን ሁሉ ከየት አመጣው?» ብሎ ይጠይቃል።

ወሬው ለማን ይጠቅማል?

የከተማ ወሬ ሁሉ ከሥራ ፈትነት የሚመጣ አይደለም። ገንዘብ የሚያስገባም አለ። ደላላ አፓርታማ ሲያሳይ «ሰባተኛውን ፎቅ የእንትና ባለሥልጣን ልጅ ወስዶታል፤ ከላይ ያለውን ደግሞ ዘፋኙ» ይላል። ይህ ወሬ ዋጋ ማስወደጃ ነው። ገዢው የሕንፃውን ብረትና ኮንክሪት መጠየቅ ትቶ የጎረቤቶቹን ስም ይገዛል። ትዳሩ ፈረሰ፣ ሠርጉ ይህን ያህል ፈጀ፣ ቤቱን ለሚስቱ ጽፎላታል እያለ የሚያወራውም እንዲሁ ነው። ሰሚ በበዛ ቁጥር ተከታይ ያገኛል፣ ተከታይ ሲበዛ ማስታወቂያ ያገኛል። እኛ በነፃ የምናስተላልፈው ወሬ ለሌላው መተዳደሪያ ነው።

ሐብታም ሙስሊም ሲሆን ደግሞ ወሬው የበለጠ ይጣፍጠናል። ሼህ ሙሐመድ ሑሴን አል-አሙዲ በጥቅምት 25 ቀን 2010 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ከታሰሩ በኋላ እስከተፈቱበት እስከ ጥር 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ድረስ በየሻይ ቤቱ ያልተባለ ነገር አልነበረም። መታሰራቸውና መፈታታቸው የታወቀ ዜና ነው፤ ዜናውን መናገር ሐሜት አይሆንም። በሁለቱ ቀኖች መካከል «ከታማኝ ሰው ሰማሁ» እያልን የሞላነው ግን ወሬ እንጂ ዜና አልነበረም።

አንድ ሰው እንጂ ሁለት አይደሉም

መድረሳ እያለን ሱረቱል-ሑመዛን በቃላችን ስንይዝ ስለ ሁለት ዓይነት ሰዎች የምትናገር ይመስለን ነበር። አንዱ ሰውን በምላሱ የሚያነውር፣ ሌላው ገንዘብ ሰብስቦ የሚቆጥር። ኡስታዛችን ግን ቆም አድርጎን «ልጆች፣ እዩት እንጂ! አንድ ሰው ነው» አለን። ሱራዋ ሐሜተኛውን ካስጠነቀቀች በኋላ ያንኑ ሰው ገንዘቡን ደጋግሞ የሚቆጥር፣ ሀብቱ ለዘላለም የሚያኖረው የሚመስለው አድርጋ ትገልጸዋለች። ያኔ አልገባንም ነበር። ከሐጂ ነገር በኋላ ገባን። የሰውን ቤት እየቆጠረ የሚያማ ሰው የሚያማው ቤቱን ስለሚጠላው አይደለም፤ ስለሚመኘው ነው። ሐሜትና የገንዘብ ፍቅር ከአንድ ልብ ይወጣሉ።

የቃሩን ታሪክም በሱረቱል-ቀሶስ ይህንኑ ያሳያል። አጊጦ ሲወጣ አይተው «ምነው የእርሱ በኖረን» ያሉ ነበሩ። እውቀት የተሰጣቸው ደግሞ የአላህ ምንዳ እንደሚሻል ነገሯቸው። ከዚያ ምድር እርሱን ከነቤቱ ዋጠችው፤ ትናንት የተመኙትም ደነገጡ። ልብ እንበል፦ ቁርኣን ስለ ቃሩን ይተርካል፣ ስለ ተመልካቾቹም ልብ ይተርካል። በታክሲው መስኮት የምናይ እኛም ተመልካቾች ነን።

የጊባን ትርጉም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው አብራርተውታል። ወንድምህን በሚጠላው ነገር ማንሳት ነው። የተባለው እውነት ከሆነ ጊባ ነው፤ ውሸት ከሆነ ደግሞ ቡህታን፣ ማለትም ቅጥፈት ነው። ስለዚህ «ያልሆነ ነገር አላወራሁም» ማለት ነፃ አያወጣም። የሰማነውን ሁሉ ማውራት በራሱ ለውሸታምነት እንደሚበቃም በሐዲስ ተነግሮናል።

ዝም ማለት የማይገባበት ቦታ

ታዲያ ስለ ቤትና ስለ ገንዘብ ጭራሽ አይወራ? አይደለም። ኢማም ነወዊ በሪያዱ-ሷሊሒን ሰውን በሌለበት ማንሳት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ምክንያቶች ዘርዝረዋል። የተበደለ ሰው ለሚፈርድለት ሊናገር ይችላል። ጥፋትን ለማስቆም እርዳታ ሲፈለግ፣ ፈትዋ ሲጠየቅ፣ ሰዎችን ከጉዳት ለማስጠንቀቅ፣ ጥፋቱን በግልጽ ስለሚፈጽም ሰው በዚያው ጥፋቱ፣ እንዲሁም ሰውን ለመለየት ያህል በሚታወቅበት መጠሪያ ማንሳት ይፈቀዳል።

ምሳሌውም ስለ ሀብት ነው። ፋጢማ ቢንት ቀይስ (ረ.ዐ.) ሁለት ሰዎች ለጋብቻ ጠየቋትና ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) አማከረች። እርሳቸውም አንደኛው ገንዘብ የሌለው ድሃ መሆኑን፣ ሌላኛው በሴቶች ላይ ኃይለኛ መሆኑን ነገሯት። የሰውን ገንዘብ ማጣት አነሱ፤ ነገር ግን ያነሱት ለሚያስፈልጋት ሰው፣ በሚያስፈልጋት ልክ፣ ስለጠየቀቻቸው ነው። መለኪያው ይህ ነው፤ ለማን? ለምን? ምን ያህል?

በሀገራችን ይህ መለኪያ የሚያስፈልግበት ትልቁ ቦታ የሪል ስቴት ቅድመ ክፍያ ነው። አክሰስ ሪል ስቴት ከ2,000 በላይ ከሆኑ ቤት ፈላጊዎች ገንዘብ ተቀብሎ ቤቶቹን በውሉ መሠረት ሳያስረክብ መቅረቱ በአደባባይ የታወቀ ታሪክ ነው። ብዙዎቹ የዕድሜ ልክ ቁጠባቸውን ነበር የከፈሉት። አባቱ ቁጠባውን ሊከፍል የተዘጋጀ ጓደኛችን ቢያማክረን «ሐሜት ነው» ብለን ዝም ማለት አማናን መብላት ነው። ግን የምንነግረው የባለሀብቱን የትዳር ወሬ መሆን የለበትም። እንዲህ ብሎ እንዲጠይቅ እንርዳው፦

— የቦታው ካርታ በማን ስም ነው? ዕዳ ወይም እገዳ አለበት?
— የግንባታ ፈቃዱ ለስንት ፎቅ ነው? የሚሸጠው ፎቅ በፈቃዱ ውስጥ አለ?
— ክፍያው ከግንባታው ደረጃ ጋር የተያያዘ ነው ወይስ በቀን ብቻ የተቆረጠ?
— ርክክቡ ቢዘገይ ውሉ ምን ይላል? ዋጋ ይጨመራል የሚል አንቀጽስ አለው?
— ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል እንዲህ እንዲሆን ያዛል።

በ2017 ዓ.ም. የሪል ስቴት ልማትንና ግብይትን የሚመለከት አዋጅ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል፤ ገዢ የሆነ ሁሉ ሊያነበው ይገባል። በፊቅህም ቢሆን ገና ያልተሠራን ነገር ማሠራት ኢስቲስናዕ ይባላል። የሚሠራው ነገር ዓይነት፣ ልክና ዋጋ ቁልጭ ብሎ እስከታወቀ ድረስ መንገዱ ክፍት ነው፤ ካልታወቀ ግን ገረር ይገባበታል። መድረሳ ገረር ብለን የተማርነውንና ዩኒቨርሲቲ ገብተን ስፔሲፊኬሽን ያልነውን አንድ ላይ ስናስቀምጣቸው ሁለቱም የሚሉት አንድ ነው፦ የማታውቀውን ነገር አትግዛ፣ ያልገለጽከውንም አትሽጥ።

ለሚሸጡት ወንድሞችና እህቶች

ይህ ለሌላ ሰው የተነገረ እንዳይመስለን። ከእኛ የተመረቁ በርካታ መሐንዲሶች ሥራ አጥተው በኮሚሽን አፓርታማ ይሸጣሉ። ሥራው ሐላል ሆኖ ሳለ በአንድ ቃል ሊበላሽ ይችላል። ለምሳሌ ያህል፣ 100 ካሬ ሜትር ተብሎ የሚሸጥ ቤት ደረጃውን፣ ኮሪደሩንና ሌላውን የጋራ መጠቀሚያ 20 ካሬ ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ካሬው በ120,000 ብር ቢሸጥ ዋጋው 12 ሚሊዮን ብር ነው። ገዢው በሩን ዘግቶ የሚኖርበት ግን 80 ካሬ ስለሆነ አንዱ ካሬ በእውነቱ 150,000 ብር ወጣበት። የጋራው መካተቱ ነውር አይደለም፤ ገዢው ሳያውቅ መፈረሙ ነው ነውሩ። ይህን ቀድሞ የሚነግር ሻጭ አንድ ገዢ ሊያመልጠው ይችላል፤ ሪዝቁ ግን አታመልጠውም።

የራሳችንን እንቁጠር

ሸሪዓው መቁጠርን ጭራሽ አልከለከለንም። እንድንቆጥር ያዘዘን የራሳችንን ነው። የምንኖርበት ቤት ዘካ የለበትም። የሚከራይ ቤት ካለን፣ በአብዛኞቹ ዑለማዎች እይታ፣ ከኪራዩ ተጠራቅሞ ኒሷብ የሞላውና ዓመት የዞረበት ገንዘብ 2.5 በመቶ ይወጣለታል። ለማትረፍ ተገዝቶ ለሽያጭ የተያዘ ቤት ደግሞ እንደ ንግድ ዕቃ በየዓመቱ በገበያ ዋጋው ይታሰባል። ጉዳዩ ያለባቸው ቤተሰቦች ዝርዝሩን ኡስታዞችን ይጠይቁ። የባለ ፎቁን ሚሊዮን በቃላችን እየያዝን የአባታችንን ዘካ አስልተን የማናውቅ ብዙ ነን።

ወደ ሐጂ እንመለስ። ከጀመዓው አራት ሆነን ሳሪስ ቤታቸው ሄድን። ቡና አስፈሉልን። ለምን እንደመጣን ስንነግራቸው አንገታቸውን ደፍተው ቆዩና «እኔስ ይቅር ብያችኋለሁ ልጆቼ። የነገራችኋቸውን ሰዎች ግን እናንተው ፈልጉልኝ» አሉን።

ፈለግን። ወሬው በተነገረባቸው ዶርሞች ዞረን፣ ከዒሻ በኋላ በተቀመጥንበት ቦታ ተቀምጠን እውነቱን ተናገርን። ከነገርናቸው አንዳንዶቹ ተመርቀው ሄደዋል፤ ስልካቸውን አፈላልገን ደወልን። ያላገኘናቸው አሉ። እነርሱ ደግሞ ለእነማን እንደነገሩ ማወቅ አይቻልም። ይህን ጽሑፍ በጀመዓው መጽሔት ላይ የምናወጣውም በከፊል ለእነርሱ ነው፤ ምናልባት አንዱ እጅ ይገባ ይሆናል። ስለ አንድ ሽማግሌና ስለ መስጂድ ብር ከኛ የሰማችሁ ካላችሁ፣ ውሸት ነበር።

ሐጂ አልፎ አልፎ ለጁሙዓ ይመጣሉ። ገንዘብ ሰብሳቢነቱን ግን አልተመለሱበትም።

አላህ (ሱ.ወ.) ምላሳችንን ይጠብቅልን፣ በሰጠንም የምንብቃቃ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።